ቆሞ የተንሸራተተው ቅጥቅጥ

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የደረሰብኝን ነገር ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር። መሐላው ግን ብዙም አልጠቀመኝም፤ እኔ ባልናገርም አርባ የሚሆን ሰው በዓይኑ አይቶታል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር፣ የማስተምረው ደግሞ አቃቂ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ ፊዚክስ። ቁመቴ አጭር፣ ፊቴም የልጅ ፊት ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት የበሩ ጥበቃ ሁለት ጊዜ "ዩኒፎርምሽስ?" ብሎ አስቁሞኛል። በሁለተኛው ቀን ነጩን ጋዎኔን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳሳየው "የማን ነው?" አለኝ። ስለዚህ በቁመት ያጣሁትን ክብር በእውቀት አስመልሳለሁ ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ። ክፍል ስገባ ድምፄን አወፍራለሁ፣ አልስቅም፣ "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።

አንድ ማክሰኞ ቀን ትምህርቱ ስለ እንቅስቃሴ ነበር። ሰሌዳው ላይ አውቶቡስ ሣልኩ፤ ውስጡ ሁለት ሰው አስቀመጥኩ፤ ከውጭ አንድ ዛፍ ተከልኩ። "ይሄ ሰውዬ ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል?" አልኩ። ግማሹ "ይንቀሳቀሳል"፣ ግማሹ "ቆሟል" አለ። ደስ አለኝ፤ የፈለግኩት ይህንን ነበር። "ሁላችሁም ልክ ናችሁ" አልኩ። "አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ቆሟል፤ ለዛፉ ግን ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው 'እየሄድኩ ነው' ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ 'ከምን አንጻር?' የሚል ነው።"

ከመስኮቱ ሥር ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ይህች ልጅ የምትኖረው ከእኛ ብሎክ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብዙ ጊዜ በአንድ መኪና ነው የምንመጣው። ጭንቅላቷ ፈጣን ነው፤ አፏ ግን ከጭንቅላቷም ይቀድማል።

"ቲቸር፣ ይሄማ ቀልድ ነው" አለች። "ሰው መሄዱንና መቆሙን እንዴት አያውቅም? የጠጣ ካልሆነ በስተቀር።"

ክፍሉ ሳቀ።

"ያልጠጣም ይሳሳታል" አልኩ። "ከጎንሽ የቆመ መኪና ሲንቀሳቀስ ያንቺ የሄደ ሊመስልሽ ይችላል።"

"ቲቸር ላይ ደርሶ ያውቃል?"

እዚህ ላይ ደወሉ ቢደወል ኖሮ ይህንን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። አልተደወለም። ጠመኔውን አስቀምጬ፣ ጋዎኔን አስተካክዬ፣ "እኔ ላይ? ፊዚክስ የተማረ ሰው በዚህ አይሸወድም" አልኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እንደ ወትሮው ከቱሉ ዲምቱ ተሰልፌ ወደ አቃቂ የሚሄድ ቅጥቅጥ ተሳፈርኩ። ቅጥቅጥ ያልኩት ያንን ጭነት መኪና ሆኖ ተፈጥሮ ሰው ጫን የተባለውን፣ ገና ሳይነሳ የሚንቀጠቀጠውን መለስተኛ አውቶቡስ ነው። በግራ በኩል መስኮት ሥር ቦታ አገኘሁ። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ አንድ ሙሉ ትሪ እንቁላል ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ተማሪዬ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ኋላ ቆማለች።

በቀኝ በኩል ከፊት ደግሞ የብሎካችን ምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆነው ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሮጌው ባቡር ሥራ ካቆመ ስንት ዓመቱ ነው፤ እሳቸው ግን በሳምንት ሁለት ቀን የጥንት ባልደረቦቻቸውን ሊጠይቁ አቃቂ ሲወርዱ አሁንም "ጣቢያ ደርሼ ልምጣ" ነው የሚሉት። የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት ስለማይዛነፍ እናቴ የግድግዳ ሰዓታችንን በእሳቸው ነው የምታስተካክለው።

መንገዱ ላይ ያለች አንዲት ዳገት አጋማሽ ላይ ስንደርስ ተዘጋጋ። ከፊታችን እስከሚታይ ድረስ መኪና፣ ከኋላችን አፍንጫውን ያስጠጋ የነዳጅ ቦቴ፣ ከግራዬ ደግሞ ሰማያዊ ሸራ የለበሰ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና። ተሳቢው መስኮቴን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ከሸራው በስተቀር የማየው ነገር አልነበረም። ጊዜ ላለማባከን የተማሪዎቹን ደብተር አውጥቼ ማረም ጀመርኩ። የማርመው ጥያቄ "እንቅስቃሴ አንጻራዊ ነው ሲባል ምን ማለት ነው?" የሚል ነበር። ይህንን የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፤ ብፈጥር ኖሮ ለራሴ የተሻለ ነገር በፈጠርኩ።

ከደብተሩ ቀና ስል ሸራውን ያሰሩት ገመዶች አንድ በአንድ ወደ ፊት እያለፉኝ ነው። አንዱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ክው አልኩ። ዳገት ላይ ነን፣ ከኋላችን ቦቴ አለ፣ እኛ ደግሞ ወደ ኋላ እየተንሸራተትን ነው! ወንበሩ ከሥሬ ወደ ኋላ ሲጎትተኝ በደንብ ተሰምቶኛል። ዛሬም ድረስ ተሰምቶኛል ነው የምለው።

"ፍሬን!" ብዬ ጮህኩ። "ፍሬን በጠሰ! ወደ ኋላ እየሄድን ነው!"

ያ ለክፍል ያወፈርኩት ድምፅ ያን ቀን ሙሉ በሙሉ ወጣ።

የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ይከብደኛል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሆነው። እንቁላል የያዙት ሴትዮ ትሪውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው "የፈጣሪ ያለህ! እንቁላሌን!" አሉ። ከፊታችን የተቀመጠ፣ ክራቫት ያሰረና ቦርሳ የያዘ ወፍራም ሰውዬ፣ ያንን የሚያህል ሰው ያሳልፋል ብዬ በማልገምተው የቀኝ መስኮት ወጥቶ ዘለለ። ሹፌሩ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረግጦ የእጅ ፍሬን ሳበ፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ እሱም ወረደ። በኋላ "እግርህ ፍሬኑ ላይ እያለ እንዴት ታምናለህ?" ሲሉት "በጣም እርግጠኛ ሆና ነው የጮኸችው" ነበር መልሱ። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ ሥር ሊወሽቅ ሮጠ። ሰው በበሩ ተገፋፍቶ ሲፈስ እኔም በመሐሉ ተንሳፍፌ ወረድኩ፤ እግሬ ደረጃውን መንካቱን አላስታውስም።

ውጭ ስደርስ አራት ጎረምሶች ቅጥቅጡን ከኋላ በትከሻቸው ደግፈው ይዘውታል። የአንገታቸው ደም ሥር ተገታትሯል።

"ያዝነው!" ይላል አንዱ። "ያዝነው! ሰው ጨምሩ እንጂ፣ ከበደን!"

ሁለት ሰው ተጨመረ። ስድስት ሆነው "አይዟችሁ! አይዟችሁ!" እየተባባሉ ደገፉ። የቦቴው ሹፌር ደግሞ ግራ ገብቶት ጥሩምባውን ይነፋል።

በዚህ መሐል ከቅጥቅጡ መስኮት አንድ ራስ ብቅ አለ። የባቡሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቦታቸው አልተነሱም።

"ምን ሆናችሁ ነው የወረዳችሁት?" አሉ።

"አባባ፣ ይውረዱ! ፍሬን በጥሷል!" ጮኸ ረዳቱ።

"የማን መኪና?"

"የኛ! ይሄ የተቀመጡበት!"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ መንገዱ ዳር ተመለከቱ። "ይሄማ ቆሟል" አሉ። "ያንን የመብራት እንጨት ከቆምን ጀምሮ እያየሁት ነው። ከመስኮቴ ንቅንቅ አላለም። የሄደው ያኛው ባለ ሸራው ነው።"

ሁሉም ሰው ወደ ግራ ዞረ። ባለ ሸራው መኪና ከፊቱ መንገድ ተከፍቶለት ዳገቱን እየጨረሰ ነበር።

ስድስቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ አንደኛው ትከሻውን አነሳ። ቅጥቅጡ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው አነሳ። በመጨረሻ "ከበደን" ያለው ልጅ ብቻውን ቀረ፤ እሱም በአንድ እጁ፣ ከዚያ በአንድ ጣቱ ደግፎ ቆየና ጣቱን ሲለቅ ዘሎ ወደ ጎን ሸሸ። ቅጥቅጡ እዚያው ነው።

"ማን ነው የጮኸው?" አለ ሹፌሩ።

እንቁላል የያዙት ሴትዮ ሁለት እጃቸው ትሪው ላይ ስለነበር በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ከኋላዬ አንድ የማውቀው ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ በጣም በትህትና፣ "ቲቸር" አለ። አልዞርኩም። "ቲቸር፣ ወደ ኋላ የሄድነው… ከምን አንጻር ነው?"

ጓደኞቿ አፋቸውን በእጃቸው አፍነው፣ ተደጋግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ግርግሩን ያየ ትራፊክ ፖሊስ ከታች መጣ። "ተሽከርካሪው ተንሸራትቷል ወይስ አልተንሸራተተም?" አለ ወረቀቱን አውጥቶ። እኔ ሁሉም ሰው "አልተንሸራተተም" ብሎ የሚገላግለኝ መስሎኝ ነበር። በፍጹም! አንዱ "ሁለት ሜትር ያህል ሄዷል" አለ። ሌላው "ምን ሁለት! አምስት ይሆናል እንጂ" አለ። ከደገፉት ልጆች አንዱ "እኛ ባንይዘው ቦቴው ላይ ነበር" ብሎ ትከሻውን እያሸ ተናገረ። ከሁሉም የበረታው በመስኮት የዘለለው ባለ ክራቫት ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት በአንድ እግሩ ቆሟል።

"በዓይኔ ነው ያየሁት!" አለ። "ተንሸራትቷል! ባይንሸራተት እኔ እዘላለሁ?"

ይህን ሰው ሳስበው ዛሬም አዝናለሁ፤ መኪናው አልተንሸራተተም ማለት ለእሱ በከንቱ ዘለልክ ማለት ነው። ሹፌሩ ግን ፍሬን የሌለው መኪና ይዘህ ወጣህ ሊባል ነውና ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እሱን ሳይ መናገር እንዳለብኝ ገባኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መኪናው ቆሞ ነበር። የጎኑ መኪና ሲሄድ እኛ የሄድን መስሎኝ ነው።"

ፖሊሱ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ተማሪ ነሽ?"

"መምህር ነኝ።"

"የምን መምህር?"

እንደዚያ ቀን አማርኛ ወይም ሙዚቃ ማስተማር አምሮኝ አያውቅም። "የፊዚክስ" አልኩ።

"ፊዚክስ ስለ ምንድን ነው?"

ተማሪዬ ከኋላ ሆና "ስለ እንቅስቃሴ!" ብላ መለሰችልኝ።

መጀመሪያ የሳቁት እንቁላል የያዙት ሴትዮ ናቸው፤ ትሪው ሲንቀጠቀጥ ሁለት ሰው ሮጦ ያዘላቸው። ከዚያ ረዳቱ፣ ከዚያ ስድስቱ ደጋፊዎች፣ በመጨረሻም ሹፌሩ ሳቀ። ፖሊሱ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነክሶ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። "በሉ ግቡ፣ መንገዱን ልቀቁ" ብቻ አለ። ባለ ክራቫቱ ግን "ፍሬን የሌለው መኪና ውስጥ አልገባም" ብሎ በእግሩ ጉዞ ጀመረ። መንገዱ ገና ስላልተከፈተ እያነከሰም ቢሆን ጥሎን ሄደ። ረዳቱ በመስኮት "ጋሼ፣ ይግቡ!" ሲለው ዞር ብሎም አላየ።

ውስጥ ስገባ ሽማግሌው አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

"አንቺ አሁን ምን ሆንሽ?" አሉኝ። "እኔ እንኳ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ።"

"ከዚህ የባሰ ምን አለ፣ አባባ?"

"ስሚኝ። ገና ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን ነው። አዋሽ ጣቢያ ላይ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውን ባቡር ለማሳለፍ ቆመናል። እሱ ጎናችን መጥቶ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ሄደ። እኔ ሆዬ የኛው የተነሳ መስሎኝ በሩን ሁሉ ዘግቼ ትኬት መፈተሽ ጀመርኩ። ሁለት ፉርጎ ጨረስኩ። አንዲት ትኬት የሌላትን ሴትዮ 'መተሃራ ስንደርስ ትወርጃለሽ' ብዬ ተቆጣሁ። ሴትዮዋ በወዲያኛው መስኮት ብርቱካን እየገዛች ነው። ቀና ብላ አየችኝና 'እሺ ልጄ፣ እወርዳለሁ። ግን እቺ ብርቱካን ሻጭ እስከ መተሃራ ድረስ እንዲህ እያወራችኝ ልትሮጥ ነው?' አትለኝም!"

እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅኩ።

"ሼፉ፣ አለቃችን፣ ሰማ" አሉ። "ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሰላምታዬ 'መተሃራ ደረስን ወይ?' ሆኖ ቀረ። ምንም አልሆንኩም። ሰው ከተሳሳተ በኋላ ነው መሬቱን ማየት የሚለምደው።"

ትምህርት ቤት አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አርፍጄ ደረስኩ። ወሬው ግን አላረፈደም። የበሩ ጥበቃ፣ ያ ዩኒፎርም የሚጠይቀኝ፣ ኮፍያውን አውልቆ "መምህርት፣ እንኳን አተረፈሽ! ወንዝ ውስጥ ገብታችሁ ነው አሉ!" አለኝ። የመምህራን ማረፊያ ስገባ ሒሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወንበሩን አሳየኝና "ተቀመጪ፣ ይሄ አይሄድም" አለ።

የኔ ክፍል በር ላይ ስደርስ ውስጡ ጸጥ ብሎ ነበር። እግሬን እንዳስገባሁ ከኋላ ረድፍ አንዱ "ፍሬን!" አለ፤ ስልሳ ተማሪ ጠረጴዛውን ይዞ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ተለማምደውበታል ማለት ነው።

ተመልሼ ልወጣ አሰብኩ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄጄ ክፍል ቀይሩልኝ ልል አሰብኩ። ግን የሽማግሌው ብርቱካን ሻጭ ትዝ ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ ልይዘው ብሞክር አልሆነም። ፊታቸው ቆሜ ሳቅኩ። እስከዚያ ቀን ስስቅ አይተውኝ ስለማያውቁ እነሱ ናቸው የደነገጡት።

"እሺ" አልኩ። "ማክሰኞ ዕለት አልሸወድም ብዬ ነበር። ተሸውጃለሁ። እንዴት እንደተሸወድኩ ልንገራችሁ።"

ሸራውን፣ ገመዶቹን፣ ወንበሩ የጎተተኝን፣ ስድስቱን ደጋፊዎች፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መስኮቴ ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረው ሸራውን መሬት አድርጌ መቁጠሬን፣ ሽማግሌው ግን የመብራት እንጨት ስላዩ ምንም እንዳልመሰላቸው አስረዳሁ። አንድ ልጅ አባቱ መኪና ማጠቢያ ውስጥ ተቀምጦ ብሩሾቹ ሲመጡ ፍሬን እንደሚረግጥ ተናገረ። ሌላዋ ድልድይ ላይ ቆማ ወንዝ ስታይ ድልድዩ እንደሚሄድባት ተናገረች። ደወሉ ሲደወል የተነሳ ተማሪ አልነበረም። ያቺ የሦስተኛው ረድፍ ልጅ ብቻ መጥታ "ቲቸር፣ እኚያን አባባ ለምን አናመጣቸውም?" አለችኝ።

እናቴ ክፍሌ እንዲመጡልኝ ስትነግራቸው "እኔ ምን አውቄ ከተማረ ሰው ፊት እቆማለሁ" ብለው ነበር አሉ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ግን ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ከእኔ ቀድመው ሰልፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ክፍል ውስጥ የአዋሹን ታሪክ ሲያወሩ በፉርጎዎቹ መሐል እንዴት እንደተንጎራደዱ በወንበሮቹ መሐል እየሄዱ አሳዩ፤ ሦስት ተማሪም "ትኬት" ጠየቁ። ተማሪዎቹ ከሳቅ ብዛት አንገታቸውን ጠረጴዛ ላይ ደፉ።

"ታዲያ ከዚያ በኋላ እንዴት አልተሳሳቱም?" አለቻቸው ያቺው ልጅ።

"መሬት የተተከለ ነገር ማየት ነው፣ ልጄ። እንጨት፣ ቤት፣ ዛፍ። መሬት የትም አይሄድም።"

"አባባ፣ መሬትም እኮ ትሄዳለች።"

"የት?"

"ፀሐይን ትዞራለች።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጅቷን እንድቆጣት የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ራሴን ነቀነቅሁ፤ ልክ ነች። እሳቸውም ለክፍሉ በትህትና እጅ ነስተው ተቀመጡና ደወሉ እስኪደወል አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ከሰዓት በኋላ አብረን ተመለስን። ከቅጥቅጡ ወርደን ወደ ብሎካችን ስንሄድ ነው ዝምታቸውን የፈቱት።

"ያቺ ልጅ ያለችው እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ አባባ።"

"መዞሯንስ በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ፍጥነቷን ነው የማላውቀው። ስንት ትሄዳለች?"

"ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል።"

"በሰዓት?" ፊታቸው ፈካ። "ይሄማ ምን አላት! ጭነት የበዛበት ባቡር ነች።"

"በሴኮንድ፣ አባባ።"

ቀጥ ብለው ቆሙ። የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቀጭኗ የሴኮንድ ቆጣሪ አንድ ጊዜ እስክትዘል ጠበቁ።

"አሁን?"

"አሁን። በዚህች አንዲት ዝላይ ደብረ ዘይት ልንደርስ ምንም አልቀረንም።"

ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ልብስ የተሰጣበትን በረንዳ፣ በቆሎ የምትጠብሰውን ሴት፣ አጥሩ ሥር የተኛውን ውሻ አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አመማቸው ብዬ ክንዳቸውን ስይዝ እየሳቁ ኖሯል።

"እኔ እኮ" አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ፣ በሰዓት ስልሳ ስንሄድ ባርኔጣዬን ይዤ ነበር የምቆመው!"